ያልታረደው ገብስማ

አውራ ዶሮ በነፃ መስጠት ደግነት ይመስለኝ ነበር። አሰላ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ ስለ ዶሮ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ከእንቁላሉ እስከ ላባው ልዘረዝርለት እችላለሁ። አንድ አውራ ዶሮ እግሩ ታስሮ፣ ያለ ዋጋ፣ «እንዳታርደው» ተብሎ ከሰው በር ሲወጣ ለሚያየው ሰው ምን እንደሚመስል ግን አላሰብኩም። መንዝ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ሆኜ ይህን አለማሰቤ ዛሬም ያናድደኛል።

ነገርን ከሥሩ ይባላልና ከእንቁላሉ ልጀምር። የተከራየሁት ቤት ጓሮው ሰፊ ነው። ጉም ካልዋጠው በስተቀር ከባህር ዛፉ አጥር ወዲያ የጭላሎ ተራራ ይታያል። በአንድ ነሐሴ አንዲት ዶሮዬ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቀፈች። በዚያው ሰሞን እኔም ማርገዜን አወቅሁ፤ ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዣለሁ። የመጀመሪያው በአምስት ወሩ ጨነገፈ፤ ሁለተኛዋ በሰባት ወሯ ተወልዳ አንድ ቀን አደረች። ሁለቱንም ቀብሬአለሁ።

የሰፈሩ ሰው ሾተላይ አለባት ይላል። ሐኪሙ ደግሞ የእኔ ደም ኔጌቲቭ፣ የባሌ ደም ፖዘቲቭ በመሆኑ ከመጀመሪያው ጽንስ ወዲህ ሰውነቴ የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንደሚዋጋው ነግሮኛል። ሁለቱም የሚሉት ያው ነው፤ ልጅ አይበረክትልሽም ነው። ሐኪሙ ግን አንድ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። የባሌ እናት ደማቸው እንደ እኔው ስለሆነ፣ ልጁ የእኔን ደም የመውሰድ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የእኔን ከወሰደ ይተርፋል። ይህን ሠንጠረዥ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ አራት ሳጥን፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱ ሌላ። የዚያን ዓመት ስሥለው ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ።

ዶሮዋ አሥሩን ፈለፈለች። እዚያም ግማሽ በግማሽ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው በእሷ አልሠራም፤ ከአሥሩ ስምንቱ አውራ ሆነው አረፉት። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያው ጫጩት ናቸው። ጥር ሲያልቅ ግን ስምንት አውራ በአንድ ጓሮ ምን እንደሆነ አየሁ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ላንገት ይተናነቃሉ። ጎረቤቶቼ ቲቸር ግቢሽን ገበያ አደረግሽው እያሉ ይቀልዱ ጀመር። ጥቁሩን ላስቀር፣ ሰባቱን ልሸኝ ወሰንኩ።

ጤነኛ ሰው ቢላዋ ይስል ነበር። እኔ ግን ቢላዋውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለት ልጅ ቀብሬ ሦስተኛውን ተሸክሜ የነዚያን አንገት ማየት አቃተኝ። እምነት አልነበረም፤ በቃ አቃተኝ። ገበያ ባወጣቸው ሁዳዴ ነውና የሚገዛቸው ለፋሲካ እየቀለበ የሚያቆይ ነው። ስለዚህ ደህና ቤት ልፈልግላቸው ተነሳሁ።

ሊወስድ የሚመጣውን ሁሉ ልጄን ሊያገባ እንደመጣ ሰው መረመርኩት። ስንት ሴት ዶሮ አለህ? ሌላ አውራ አለህ ወይ? ቆጡ ሸለምጥማጥ ያስገባል? ከዚያ አስምለዋለሁ፤ ለዘር እንጂ ለድስት አይሆንም። ሰው ይስቃል፣ ይምላል፣ ይወስዳል። ቀዩን የወሰደው የሳጉሬ ገበሬ ነበር፤ ስንዴ ሊሸጥ መጥቶ ከባለ ሱቁ ሰምቶ ነው። ብር ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ከተተ። አልፈልግም፣ እንዳታርደው ብቻ አልኩት። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ትንሽ አየኝና ዓይኑ ወደ ሆዴ ወረደ። ከበሩ ውጪ ዶሮውን ተቀብሎ ሄደ።

እናቴ ከመንዝ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ አንዱም ዶሮ ገና ሳይሄድ ነው። ልታርሰኝ ነው የመጣችው፤ ግን ሁለት ወር ቀድማ መጣች። ባሌ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ይላል፤ ብቻዬን ከምሆን ብዬ ደስ አለኝ። በመጣች በማግስቱ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና ስንቱ እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። ሰባት ስላት ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ዶሮ ማስረከብ የሷ ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እግሩን በቀይ ክር ታስራለች። ከበሩ ውጪ ወጥታ ለወሳጁ ትሰጠዋለች፤ በሩ ውስጥ ቆማ ሰጥታ አታውቅም። ሲሄድም ዞር ብሎ እንዳያይ ትነግረዋለች። የገጠር ሰው ወግ ነው ብዬ ተውኳት።

አንድ ጠዋት ትራሴ ላይ ላባ አገኘሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ጸጉሬን ሳበጥር ሁለት ወደቀ፤ አንዱ ነጭ አንዱ ዛጎልማ ነበር። ከቆጡ ይዤው ገባሁ መሰለኝ አልኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም።

ሰባተኛው ገብስማ ነበር፤ ከሁሉም ያማረው እሱ ነው። ከእኔ ሦስተኛው በር ላይ አንዲት ወጣት ጎረቤት አለችኝ፤ ባሏ በአሰላና በሳጉሬ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። እሷም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ የመጀመሪያዋ። ገብስማውን ከአጥሩ ላይ እያየች ትወደው ነበርና አውራ የሌላቸው አራት ዶሮዎች አሉኝ አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ለሷ አይሁን፣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አለች። ለምን ስላት ወደ ምድጃው ዞረች። የጎረቤቴ ሃይማኖት ከእኛ ስለሚለይ መሰለኝ። ተናደድኩ። እናቴን በዚህ አላማትም ነበርና እልህ ያዘኝ። ራሴ አቅፌው ሄጄ፣ በራሴ እጅ ሰጠኋት። ስመለስ እናቴ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኔን አላየችም።

ሰባቱ ከሄዱ በኋላ ግቢው ጸጥ አለ። ጸጥታውን ናፍቄው ነበር፤ ሲመጣ ግን አልወደድኩትም። የቀረው ጥቁሩ አውራ መጮህ አቆመ። አልታመመም፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ሲነጋ አንገቱን ያወጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋዋል። የዚያን መጋቢት ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም ነበር። እናቴና እኔ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ተቀምጠን አውራው እንዲጮህ እንጠብቃለን፤ እንደምንጠብቅ ግን አንዳችንም አንናገርም።

አንድ ቅዳሜ የሳጉሬው ገበሬ መጣ። ቀዩን ዶሮ በብብቱ ይዞታል፣ ቀዩ ክር እግሩ ላይ እንዳለ ነው። ሰላምታ የለም። ዶሮው አይጮህም አለኝ። ከሴቶቹ ጋር አይሄድም፣ ጥሬ አይለቅምም፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ አሰላ አዙሮ ይቆማል፤ ወዲያ ቢያዞሩትም ተመልሶ ይዞራል። ምናልባት ቦታ ለውጦ ነው ልለው ስጀምር ዶሮውን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት፤ አንድ ጊዜም ዞር አላለም። ዶሮው ግን ቁጭ ካለበት ተነስቶ ፊቱን ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት አዞረ።

በማግስቱ እናቴ ቀዩን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። ከሰዓት ባዶ እጇን ተመለሰች። የት እንዳደረገችው ስጠይቃት አስረክቤዋለሁ ብቻ አለች። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

ነጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ አለ። እዚያ መሐል ላይ ሞቶ ተጋድሟል። አልታረደም፣ መኪናም አልነካውም፤ ላባው እንኳ አልተበተነም። ክሩን አይቼ የእኔ መሆኑን አወቅሁ። ሰው በሩቁ ይዞረዋል። ባጃጆቹ ሳይቀሩ መሪ ይጠመዝዛሉ። አንዲት ሴት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና እየሮጠች አለፈች። ከመንገድ ላነሳው ጎንበስ ስል የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከሩቅ ሲጠራኝ ሰማሁ፤ እንዳልነካው ነው የሚለምነኝ።

ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ አክብረውኝ አንቱ ይሉኛል። ከቅጥሩ ጥግ ወስደው ነገሩን በዘወርዋራ ነገሩኝ። ሰው ይላል እንጂ እኔ አላልኩም እያሉ። ጭዳ ነው አሉ። ዶሮ በራስ ላይ ዞሮ የሰው ደዌ ሲወጣበት ያው ጭዳ ነው። ድሮ ታርዶ ይጣል ነበር፣ አሁን ደግሞ አንዲት ሴት በሕይወቱ ለሰው ቤት ታድላለች ይባላል። ዋጋ አትቀበልም፤ ዋጋ ከተቀበለች ደዌው አይሄድላትም። እንዳይታረድ ታስምላለች፤ ከታረደ ደዌው ይመለሳል። ወዲያው ሌላ ወሬ አምጥተው ሆዴን ላለማየት ወደ ሰማይ አዩ።

ሳቅሁ። ሳቄ ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ፤ ክፍለ ጊዜዬን እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ምንስ አድርጌ ነው? ስለ ነፍሳቸው ባዝን ሟርተኛ ሆንኩ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እያልኩ ቤት ስደርስ፣ አንድ ሰው አብሮኝ እንዲስቅ ፈለግሁ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም አወራኋት፣ ዘበኛው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ሳይቀር አስመስዬ አሳየኋት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ተኝተሽ ነው ያዞርኩት» አለች። «ሰባቱንም። እያንዳንዱን ሰባት ሰባት ጊዜ።»

ከዚያ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሌላ ቀን ነበር፤ ስለ ጤፍ ዋጋ የምታወራ ይመስል። በእኛ መንደር ለሌላው ደዌ ዶሮ ታርዶ ይጣላል፤ ለሾተላይ ግን ደም ማየት የለበትም። ደም ካየ ይለምዳል። በሕይወት ሄዶ የሰው ድምፅ ያለበት ቤት መግባት አለበት፣ እዚያ ሲኖር የመጣበትን ይረሳል። እኔ እንዳይታረዱ ስል ስትሰማ እግዜር ያናገረኝ መስሏት አልቅሳለች። እኔ ለዶሮዎቹ ደህና ቤት ስፈልግ እናቴ ለሾተላዩ ደህና ቤት ስታገኝለት ነበር።

ጮኽኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። የሰው ቤት ነው፣ ልጆች አሏቸው፣ ነፍስ ያላቸው ሰዎች ናቸው አልኩ። ታገሰችኝ። ስጨርስ ሁለቱን ስትቀብሪ አላየሁሽም፣ በስልክ ነው የሰማሁት፣ ሦስተኛውን በስልክ አልሰማም አለች። ያኔ ነው ገብስማው ትዝ ያለኝ። እናቴ ለሷ አይሁን ስትለኝ በእልህ አቅፌ የወሰድኩት፣ በራሴ እጅ።

አላምንም ነበር። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። የደም ጉዳይ ነው፣ የአራት ሳጥን ጉዳይ ነው፣ ዶሮ የሚያመጣውም የሚወስደውም ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ መጣች። ከሰዓት ነው፤ ጉሙ አጥሩን ውጦት ድምፅዋን ነው ቀድሜ የሰማሁት። ገብስማውን አቅፋዋለች። እናቴን ሁልጊዜ አዮ፣ እናት እንደማለት፣ እያለች ነበር የምትጠራት፤ የዚያን ቀን ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

«ቲቸር፣ ሰው ብዙ ይላል፣ እኔ ሰው አልሰማም» አለች። «አንቺን ብቻ ነው የምሰማው። ይሄ ዶሮ በራስሽ ላይ ዞሯል ወይ?»

መልሱ ቀላል ነበር። ካላመንኩ እጄን ዘርግቼ፣ ሰው እንዲህ ካለ ስጪኝ፣ እዚሁ ይኑር ማለት ነው። አንድ ዶሮ ነው፤ ምንም አያመጣብኝም። እጄ ግን አልተዘረጋም። ስምንተኛ ወሬን ልጨርስ ነበር፤ ልጁ ውስጤ ይገላበጣል፤ ገብስማው በዚያ ብርቱካናማ ዓይኑ ያየኛል። እናቴ ከኋላዬ ቆማለች።

«አልዞረም» አልኩ።

ጎረቤቴ ዓይኗን ወደ ሆዴ አወረደች። «ቶሌ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ዶሮውን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችና ሄደች። በሩን ዘጋሁ። በዚያች ደቂቃ ማመኔን አወቅሁ፤ ያወቅሁበትንም መንገድ ጠላሁት።

በማግስቱ ገብስማው መጮህ ጀመረ። የእኛው ጥቁር ዝም፣ የሳጉሬው ዝም ብሎ ነበር፤ ይሄኛው ግን ሦስተኛው በር ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። አምስት ሰዓት ላይ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የተማሪ ፈተና ሳርም። በጮኸ ቁጥር ልጁ ይዘላል። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ከዚያ ቆጠርኩ፤ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሆዴን ይዤ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘለለ። ሲዘል ደስ ይለኛል፣ በሕይወት አለ ማለት ነዋ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

በሁለተኛው ቀን ሚኒባሱ በጠራራ ፀሐይ በራቸው ላይ ቆመ። ባሏ በዚያ ሰዓት ቤት አይመጣም። ደግፎ ሲያስገባት ከአጥሩ በኩል አየሁ፤ ከሐኪም ቤት መመለሳቸው ነው። ደም አይታለች አሉ። ተኝተሽ ቆዪ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ተብላለች።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጎረቤቴ ግድግዳውን ይዛ በጎኗ ተኝታ ነበር፣ ከንፈሯ ደርቋል። ከተቀመጥኩ ወዲያ የምለው ጠፋኝና ዶሮውን መልሺልኝ አልኳት። ለምን አላለችም። ናፈቀኝ ብዬ ጨመርኩ፤ ሰው ዶሮ ናፈቀኝ ሲል ሰምታ ባታውቅም ወደ ጓሮው ጠቆመችኝ። ገብስማው አልሮጠም። ጎንበስ ስል ራሱ ወደ እጄ መጣ። ክብደቱ ከሰጠኋት ጊዜ ጨምሮ ነበር፤ ወይም እኔ ደክሞኝ ነው።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሁለት እጇን ግራና ቀኝ መቃኑ ላይ አድርጋለች፤ ያቺ ቀጭን ሴት በሩን ሞልታው ነበር።

«ይሄን ይዘሽ አትገቢም» አለችኝ።

እንድታሳልፈኝ ለመንኳት። ጣይው፣ ወንዝ ስደጂው፣ ለማታውቂው ሰው ስጪው፣ ብቻ ይዘሽው አትግቢ አለች። ዶሮው በሁለታችን መሐል ዝም ብሏል፤ ልቡ ክንዴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ ከሥሩ የልጁ እግር።

«እማዬ፣ ሁለት ቀብሬአለሁ» አልኳት። «ሦስተኛውን በሰው ልጅ አልለውጥም። ልቀብር ከሆነም የራሴን ልቅበር።»

እጇ ከመቃኑ ላይ ወረደ። ገባሁ። ዶሮውን ቆጡ ላይ ሳወጣው ጥቁሩ ሳይጣላ ቦታውን ለቀቀለት። እናቴ በርጩማዋን አምጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሎዋ እዚያ ሆነ፤ ምስሯንም እዚያው ትለቅማለች፣ ጸሎቷንም እዚያው ታደርሳለች፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል። እኔን አላናገረችኝም። ገብስማውም ከገባ ወዲያ አልጮኸም። ልጁም መዝለሉን ቀነሰ፤ ሐኪሙ ቦታ ስለጠበበው ነው አለ። አመንኩትም አላመንኩትም፤ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ቁጭ እላለሁ። ያ ፍርሃት ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት አልችልም። በየቀኑ ሲመሽ፣ ዛሬም አለ፣ እላለሁ።

ሚያዝያ በገባ በሳምንቱ ምጥ ያዘኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ። አለቀሰች፤ የፊተኛዋ አላለቀሰችም ነበር። ደሟን መርምረው ሐኪሙ ፈገግ ብሎ መጣ፦ የእኔን ደም ነው የወሰደችው። አራት ሳጥን፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱ ሌላ፣ ከሁለቱ አንዷ ላይ ወደቀች። ተወስኖ የነበረው ገና እንቁላሎቹ ሳይፈለፈሉ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ አስተምረዋለሁ። ለእናቴም አስረዳኋት። ሰምታ ስትጨርስ ዶሮውስ አለችኝ። አለ፣ ደህና ነው አልኳት። ያኔ ነው ልጄን ያቀፈችው። ቤት የገባን ቀን ጠዋት ገብስማው ጮኸ፣ ጥቁሩም ተከተለው።

ጎረቤቴ በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። ጥቁሩ ለልጄ ክርስትና ታረደ፣ እኔም በላሁ። ሌሎቹ አራቱ ምን እንደደረሱ አላውቅም፤ የወሰዷቸውን ሰዎች መንገድ ላይ ሳይ እኔው ነኝ ቀድሜ ዞር የምለው።

ገብስማው አሁንም አለ። ልጄ አምስት ዓመት አልፏታል፤ እሱ ደግሞ እሷን በጥቂት ወር ይበልጣታል። አርጅቷል፣ አንድ ዓይኑ ፈዟል፣ ቆጥ መውጣት ስላቃተው መሬት ላይ ሣጥን ሠርቼለታለሁ። ለማንም ሰጥቼው አላውቅም፣ የሚያርደውም የለም። ብርድ ሲሆን በአሮጌ ሹራቤ እሸፍነዋለሁ። እናቴ ከመንዝ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እሱ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ልጄ፣ ከዚያ ስለ እኔ። ባሌ ይቀልዳል፤ እኔ ሳስል ሽሮፕ ገዝታልኝ አታውቅም ይላል። አላምንም እለዋለሁ። አላምንም። ዶሮው ያሳለ ቀን ግን ልጄን ትምህርት ቤት አልሰድም፤ አጠገቤ አስቀምጬ ሁለቱንም አያለሁ።

ጎረቤቴ በየዘመን መለወጫው አንድ እፍኝ ስንዴ ይዛ ትመጣለች። ለዶሮው ትበትናለች፣ ዕድሜ ይስጥህ ትለዋለች፣ ትሄዳለች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም ነበር። ዘንድሮ ስትመጣ ገብስማው ከመሬት መልቀም አቅቶት ነበርና ስንዴውን በመዳፏ ያዘችለት። ልጆቻችን ከአጥሩ ሥር ይጫወታሉ። ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። ዞሯል ወይ ስትዪኝ ዋሽቼሽ ነበር።

«አውቃለሁ ኮ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ስትመልሺልኝ እጅሽ ሆድሽ ላይ ነበር።»

ታዲያ አውቀሽ ለምን ይዘሽው ሄድሽ አልኳት።

«አንቺ ሁለት ቀብረሻል፣ ቲቸር» አለች። «እኔ ያኔ ገና ምንም አላጣሁም ነበር። ሸክሙን ትንሽ ልያዝላት ብዬ ነው።»

ገብስማው ከመዳፏ የመጨረሻዋን ፍሬ ለቀመ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልጇን ጠራች።